ድምፅ የሌለው ውሃ

አክስቴ የጉለሌ ግቢያችንን ቧንቧ የሚከፍቱት በሁለት ጣት ነበር። ውሃው እንደ ብርጭቆ ዘንግ ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ፣ ያለ ድምፅ ይወርዳል። መክፈቻው ከዚያ ቅንጣት ታህል ካለፈ ያው ውሃ ይተረማመሳል፣ ነጭ ይሆናል፤ ቧንቧውም እስከ አጥሩ ድረስ ይጮሃል። እሳቸው ያቺን ወሰን በጣታቸው ያውቋት ነበር።

እኔ ባልዲው እስኪሞላ መታገሥ ያቅተኛል። «እትዬ፣ ትንሽ ጨመር ያድርጉት እንጂ፣ መሸ እኮ!» እላቸዋለሁ።

«ተይ ልጄ፣ ከጮኸ በሩ ቢንኳኳ አልሰማም።»

አንድያ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል።

የአክስቴ የአርባ ተዝካር ባለፈው ሳምንት ወጣ። ሰው ሁሉ ሄዶ ብቻዬን ስቀር፣ የተከመረውን ዕቃ ላጥብ ብዬ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ከእንግዲህ ማን ይከለክለኛል? ግቢው በጩኸት ሲሞላ ግን ደነገጥኩ። ውሃው እንደገና ጥርት እስኪል ድረስ ቀስ አድርጌ መለስኩት።

ባልዲው እስኪሞላ ቆሜ በሩን አዳመጥኩ። ልጃቸው አንድ ቀን መጥቶ ቢያንኳኳ፣ በሩን የምከፍትለትም መርዶውን የምነግረውም እኔ ነኝ።