ጅዳ ያለችው እህቴ

እህቴ ጅዳን አይታ አታውቅም፤ ፓስፖርት እንኳ የላትም። ጅዳ የላክኋት እኔ ነኝ፤ በራችን ላይ ቆሜ፣ ክር ያለው መርፌ ቀሚሴ ደረት ላይ እንደሰካሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤታችን በግንብ በታጠረው ጁገል ውስጥ ነው፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቁልቁል ወርዶ በሚታጠፈው ጠባብ መንገድ ላይ። አራት ሴቶች ነበርንበት፦ እናታችን፣ እኔ፣ ልጄና በስድስት ዓመት የምበልጣት እህቴ። እህቴ አስተማሪ ናት። ስትስቅ ሦስተኛ ቤት ይሰማ ነበር። «ቀስ በይ፣ መንገድ ላይ ያለው ሰው ምን ይላል?» እያልኩ የምቆጣት እኔ ነበርኩ። የሰው አፍ መፍራት የኔ በሽታ ነው፤ ለእሱ መድኃኒት እስካሁን አልወሰድኩም።

መጀመሪያ ልቧ መስሎን ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ትንፋሽ አጠራት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ «ልሞት ነው» ብላ ተማሪዎቿ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ተመረመረች። ልብሽ ደህና ነው ተባለች። እኛ አልሐምዱሊላህ አልን፤ እሷ ግን ባሰባት፣ ምክንያቱም ነገሩ በየሳምንቱ ይመጣባት ጀመር፣ ስሙን ደግሞ የነገራት የለም። በመጀመሪያ ትምህርት ቤት መሄድ ተወች። ቀጥሎ ከቤት መውጣት፣ ቀጥሎ ከላይኛዋ ክፍል መውረድ፣ በመጨረሻ ከአልጋዋ መነሳት። ሸህ ቁርኣን ቀሩላት፣ የተቀራበትን ውሃ ጠጣች። እናታችን ዓይን ነው አለች። እኔ ስንፍና ነው አልኩ። ዛሬ ይህን ስጽፍ ምላሴን በቆረጠው እላለሁ፤ ያኔ ግን ደረጃው ሥር ቆሜ፣ እንድትሰማኝ ብዬ፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ልጄን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ደግ ቤተሰብ ነበር፣ ልጁም ጨዋ። ሽማግሌ ከመጣ በኋላ ደግሞ ሰው ይጠይቃል፦ እናቷ እንዴት ናት፣ አባቷ ማን ነበር፣ ዘሩ ውስጥ ያበደ አለ ወይ።

የአፎቻችን ሰብሳቢ አንድ ጠዋት በራችንን አንኳኩ። አፎቻ የኛ እድር ነው፤ ሠርጉም ሐዘኑም የእሱ ነው፤ የቀረች ሴት ለምን እንደቀረች ትጠየቃለች። እሳቸው ትልቅ ሴት ናቸው፣ እኔን በጨርቅ ያዘሉኝ።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ። እህትሽ ሁለት ሐዘን ቀረችብን። አሟት ነው?»

አዎ ማለት ነበር። ሁለት ፊደል ናት። እሳቸው ደግሞ ደረጃውን ወጥተው አጠገቧ የሚቀመጡ ሴት ነበሩ፣ አሁን አውቀዋለሁ።

«የለችም» አልኩ። «ጅዳ ሄዳለች። አክስታችን ጋ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።» ሐሙሱን ከየት እንዳመጣሁት አላህ ይወቅ።

«ሳትሰናበተን?»

«ቪዛው ድንገት መጣ።»

ሲሄዱ ቀና ብዬ አየሁ። የላይኛዋ ክፍል መስኮት ገርበብ ብሏል። እናታችን ከውስጥ ሰምታኝ ኖሮ፣ «እህትሽን በቁሟ ሰደድሻት» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

እንዲህ ሆና እህቴ ሁለት ወር ያህል ጅዳ ተቀመጠች፤ ከራሴ በላይ፣ በሰባት ደረጃ ርቀት። ሰው ሲመጣ መስኮቷን እዘጋለሁ። ሰላም በይልን ለሚሉኝ «ትላንት ደውላ ነበር» እላለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ከዚያ እናታችን ሞተች። ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ፣ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች። ዓይኗን ከደንኩ፣ ደረጃውን ወጣሁ። እህቴ ነቅታለች። «እናታችን ሞታለች» አልኳት፤ አፏን ስትከፍት በመዳፌ አፈንኩት። «እባክሽ፣ ጎረቤት ይሰማል።» ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። መዳፌ ውስጥ የቀረው ትንፋሿ አሁንም ይሰማኛል። እሺ እንድትለኝ ጠበቅሁ። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

እናት ስትታጠብ ሴት ልጅ ውሃ ታፈሳለች። የኔን ድርሻ አፈሰስኩ፤ የእህቴን ድርሻ ጎረቤት አፈሰሰች። ከአሱር ሶላት በፊት ጀናዛው ወጣ፣ ወንዶቹ ይዘው ሄዱ። ሴቶቹ ቤታችንን ሞልተው ሦስት ቀን ተቀመጡ፤ ከመደቡ አልፎ ደረጃው ሥር ድረስ። በላዩ ላይ ደግሞ ለእህቴ አለቀሱላት። «ምስኪን፣ በሰው አገር ሰምታ ምን ትሆን ይሆን!» ይላሉ። «አጠገቧ ሰው ይኖር ይሆን?» ይላሉ። አንድ ጊዜ ከበላያችን ጣውላው ሲጥ አለ። ሁሉም ቀና አሉ።

«አይጥ ነው» አልኩ።

በአራተኛው ቀን ሴቶቹ ሲበተኑ ደረጃውን ወጣሁ። ሴቶቹ ሶላት ላይ ሲሆኑ እየደበቅሁ ያደረስኩላት ምግብ ሁሉ እንዳለ ነበር። ጠራኋት፤ ዓይኗ አይቶኛል፣ እሷ ግን አልመለሰችልኝም። ያኔ ስንፍና የሚለው ቃል ከአፌ ለዘላለም ጠፋ። በኒቃብ ሸፍኜ፣ ባጃጅ በር ድረስ አስመጥቼ፣ ከግንቡ ውጪ ወዳለ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

የተቀበለን የአእምሮ ጤና ነርስ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ቀስ ብሎ ይናገራል፤ እኔ እንደማልቸኩል ሁሉ።

«ሐዘን ደርሶባት ነበር?»

«እናታችን ሞተች። በዚህ ሳምንት።»

«አልቅሳለች?»

«ጅዳ ነበረች» አልኩት። ልማድ ክፉ ነው።

ካርዱን አየ። «አድራሻዋ አቦከር ነው የሚለው፣ ጁገል ውስጥ።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አልፈረደብኝም፤ ቢፈርድብኝ ይቀለኝ ነበር። ጭንቀትና ድብርት ይባላል አለ፤ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ይመጣሉ። ለእህቴ ደግሞ፣ ዓይኗን እያየ፣ «ፍርሃትሽ የውሸት አይደለም» አላት። «ሰውነትሽ የሚሮጠው እውነቱን ነው፤ የሚያባርርሽ ነገር ግን የለም። ይህ ሕመም ነው፤ ይታከማል።» ልብሽ ደህና ነው ሲሏት አላለቀሰችም፤ ታመሻል ሲላት አንድ እንባ በኒቃቡ ላይ ወረደ።

ክኒኑ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ብዙ ለውጥ እንደማያሳይ ነገረኝ፤ እኔ ግን ለመጪው ዓርብ ጠብቄ ነበር። ሲሻላት እንዳናቋርጥም አስጠነቀቀኝ። በየሳምንቱ በኒቃቡ ሸፍኜ በባጃጅ እወስዳታለሁ፣ ከእሱ ጋር ታወራለች። መጀመሪያ ቃል፣ ቀጥሎ ግማሽ እንጀራ፣ ቀጥሎ ማበጠሪያ። አንድ ቀን የሰፋሁትን ክፈፍ አይታ «ጠሟል» አለችኝ፤ በደስታ ሙሉውን ፈታሁት። ደረጃውን ወረደች። ከዚያ ነርሱ፣ የምትፈራውን በጥቂት በጥቂቱ ትልመደው አለ፦ ዛሬ በሩ ላይ ትቁም፣ ነገ እስከ መታጠፊያው፣ ከዚያ ፈረስ መጋላ።

በሩ ላይ መቆም አትችልም። ጅዳ ናት።

ነርሱ ለሰዎቹ እውነቱን ብነግራቸው ምን እንደሚሉ ጠየቀኝ። የልጄ እጮኛ በዚያ መሃል ካናዳ ሄዶ ቀርቷል፤ ጋብቻው በገዛ ራሱ ፈርሷል። የምደብቅለት ነገር እንኳ አልቀረም ነበር። እኔ ግን ውሸታም ከመባል እህቴን ከጅዳ መመለስ መረጥኩ። ሸዋ በር ገበያ ወርጄ ቴምር፣ ሽቶና የራስ መሸፈኛ ገዛሁ፤ የጅዳ ስጦታ ነው። እህቴ ዕቃውን አየች፣ እኔን አየች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ተቀምጣ አብራኝ ዋጋ የተጻፈበትን ወረቀት መላጥ ጀመረች።

መመለሷን ሳስወራ የአፎቻው ሴቶች እንኳን ደህና መጣሽ ሊሏት ቤታችን መጡ። እህቴ ነርሱ እንዳስተማራት ትንፋሿን ቀስ እያለች ታወጣለች። ሽቶውን አሸተቱ፣ መረቋት።

«ጅዳ ተስማማሽ፣ ቀላሽ እኮ!» አለች አንዷ። ፀሐይ ሳያያት ስንት ወር!

ሰብሳቢዋ አጠገባቸው አስቀምጠው እጇን ያዙ። «የእናትሽን ሞት ማን አረዳሽ ልጄ?»

«እህቴ ናት።»

«አብሮሽ ያለቀሰ ነበር? ጮኸሽ ወጣልሽ?»

መርፌዬን ብፈልግ ቀሚሴ ላይ የለም፤ እጄ የሚይዘው አጣ። እንድትናገር ፈለግሁ፤ ወላሂ፣ ያን ጊዜ እንድትናገርብኝ ፈለግሁ። አላየችኝም።

«አይ» አለች። «የሰው ቤት ስለነበርኩ ጮኼ አላለቀስኩም።»

«አሁን እናትሽ ቤት ነሽ» አሏት እሳቸው። «አልቅሺ።»

አለቀሰች። ሦስተኛ ቤት ድረስ ተሰማ። ሴቶቹ እናታችን በዚያች ሰዓት የሞተች ያህል አብረዋት ጮኹ፣ ዙሪያዋን ያዟት። እኔም ላቅፋት ተነሳሁ። ከበዋት ስለነበር አልደረስኩባትም።