ህሩይና ስሟ የጠፋ ሴት

ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ መስታወት የሚቆርጠውን ህሩይን የማያውቅ ጥቂት ነው። የሠርግ ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ፣ የቅዱሳን ስዕል በእሱ እጅ ነው ፍሬም የሚገባው። ቀኑን ሙሉ የሰው እናትና አባት ፊት ሲወለውል ይውላል፤ የራሱን እናት ግን አያውቃትም። ጡት ሳይጥል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተጥሎ ተገኝቶ፣ አንዲት መነኩሲት አሳደጉት። እሳቸውም ማን እንደወለደችው ሳያውቁ ዐረፉ።

አምና ክረምት ላይ በድሪ የሚባል የጫት ነጋዴ አንድ የቆየ ወረቀት አመጣለት። ሚኤሶ ከገዛው አሮጌ ቤት፣ ከተሰነጠቀ መስታወት ጀርባ ያገኘው የሴት ምስል ነው። ሴትዮዋ ነጠላዋን በአንድ ትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታያለች። ከግርጌ የነበረውን ጽሑፍ ብል በልቶታል። ህሩይ አጽድቶ ፍሬም አስገባለት። በድሪ ግን በማግስቱ መልሶ አመጣው። እናቱ ወይዘሮ ዑሙልኸይር ገና ሲያዩዋት፣ ቦኬ የተቀበረች እኅታቸው ናት ብለው ቤት እንዳትገባ ከልክለዋል።

ህሩይ ሱቁ ውስጥ ሰቀላት። ከትግራይ ተመድቦ የመጣው መምህር ተስፋዓለም አንድ ቀን አይቷት ቆመ። የውጭ አገር መንገደኛ የሣላት፣ በብረት ላይ ተቀርጻ የታተመች፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናት ስዕል መሆኗን አስረዳው፤ ማን እንደነበረች ማንም ሊያውቅ አይችልም አለ። ፎቶ ሊያነሳት ስልኩን አወጣ፤ ወዲያው መልሶ ኪሱ ከተተው።

«እኅቴ እንዲህ ነበር አንገቷን የምትይዘው» አለና ወጣ። እኅቱ በሕይወት የለችም። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አያልፍም።

ህሩይ ግን ማንንም አያይባትም። ሥራ ሲቀዘቅዝ በአጉሊ መነጽር ይመረምራታል። ፊቷ በሙሉ መስመር ነው፤ የጉንጯ ጥላ እንደ ፀጉር በቀጠኑ፣ በተጠላለፉ ጭረቶች የተሠራ። ዓይኗ ውስጥ ያለው ብርሃን ደግሞ ቀለም አይደለም፤ ሠሪው ሳይነካው የተወው ባዶ ወረቀት ነው። በዚያ ባዶ ቦታ ታየዋለች። ሰው ሁሉ የሞተበትን ሲያገኝባት እሱ አለማግኘቱ ቅናት ቢጤ አሳደረበት።

ይህን ለባለቤቱ ለአብርሆት ነገራት። እሷ ምሳ ይዛለት መጥታ ነበር። ወደ ስዕሏ ጠጋ ብላ አየቻት።

«አንተን እኮ ነው የምትመስለው» አለችው።

ለደንበኛ የቆረጠውን መስታወት አንስቶ ከስዕሏ ጎን ያዘ። ግንባሩ፣ የላይኛው ከንፈሩ፣ የግራ ቅንድቡ ቁልቁል መውረዱ። አብርሆት መስታወቱን ከእጁ ተቀበለችው። በጊዜ ዘጉ፤ ስዕሏንም ቤት ወሰዳት።

ጥር ላይ ለሥላሴ አሰቦት ገዳም ወረዱ። ሕዝቡ ለሞቱበት ጸሎት እንዲደረግለት የክርስትና ስም እየሰጠ ነበር። ህሩይ ሁልጊዜ የአሳዳጊውን ስም ብቻ ሰጥቶ ነው የሚመለሰው። ያን ቀን ግን ካህኑ «ሌላስ?» ሲሉት፣ «እናቴ፣ አስካለ ማርያም» አላቸው።

አብርሆት ክንዱን ያዘችው። «ማን ነገረህ?»

«እንጃ» አላት። ፊቱ ላይ ድንጋጤ አልነበረም።

ህሩይ ዛሬ ደህና ነው፤ ከበፊቱ ይልቅ ይጫወታል፣ እንቅልፍም ያገኛል። አብርሆት ግን ስዕሏ የተሰቀለችበት ክፍል ይከብዳታል። ሲመሻሽ መብራት ልታበራ ስትገባ ሳታስበው «እንደምን አመሹ» ይላል አፏ፣ ምራት ለአማቷ እንደምትለው። እንዳለችም መልስ እንዳይመጣባት ቶሎ ትወጣለች።