ውሻውና የሻይ ሲኒው

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲያበቃ ምን ያህል ቦታ ይይዛል? በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን መጠየቅ ያበዛል። የከተማችን የዮርክ ሠዓሊ አምብሮዝ ተርክል ግን መልሱን ያውቀው ነበር፤ አንድ ውሻ የሚቀመጥበትን ያህል።

ተርክል የሚሥለው ቤተሰብ ነው፤ አባት ቆሞ፣ እናት ሻይ ስትቀዳ፣ ልጆች ምንጣፍ ላይ። ሁለተኛው ጆርጅ በነገሡበት በዚያ ዘመን፣ ጨዋ ሰው ፊቱን እስኪሣል እንጂ ከዚያ በላይ አይቀመጥም። ልብሱን ይልክና ይገላገላል። ተርክል መጋጠሚያ ያላቸውን የእንጨት አሻንጉሊቶቹን አልብሶ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ደርድሮ፣ ቀሪውን ከእነሱ ይሥላል። ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው እንዲህ አድርጎ ከከተማው ጨዋ ሁሉ ጋር በየተራ ሻይ ጠጥቷል።

"እንጨቶቹ ይሻላሉ፤ ቢያንስ አያዛጉም" ይለኝ ነበር። ውሸቱን ነው።

የሱፍ ነጋዴው ሚስተር ሃክስቢ ልጅ በተወለደላቸው ቁጥር ያስጠሩታል። አንድ ቀን በእንግዶች ፊት ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ "ተርክል እኮ የቤት ሰው ነው!" አሉ። እኛ እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ነገር የምንናገረው እንዲታመን ብለን አይደለም። ተርክል ግን አመነ።

ተርክል የሣለው የመጨረሻው የቤተሰቡ ሥዕል ሲገለጥ እኔም ነበርኩ። ወይዘሮ ሃክስቢ ወደ ሥዕሉ ጥግ ጠጋ አሉ።

"ይሄ ዱካ ላይ ሲኒ ይዞ የተቀመጠው ደግሞ ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።"

"መሆንህንማ አየሁ። ከልጆቼ መሀል ምን ትሠራለህ?"

"ጌታዬ የቤት ሰው ነህ ስላሉኝ..."

"ብያለሁ፣ አልክድም" አሉ ባልየው። "ለውሻውም እኮ እላለሁ።"

"ውይ፣ ውሻው!" ብላ ጮኸች ትንሿ ልጃቸው። "ውሻችንን ረስቶታል!"

ተርክል በሳምንቱ በራሱ ምስል ላይ ውሻ ሥሎ ሸፈነው። ሲኒው ላይ ሲደርስ ግን እጁ አልታዘዝ አለው፤ ሲኒው ከውሻው እግር አጠገብ ቀረ። ዛሬ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቀው ያንን ውሻ ነው። ስለ ሲኒው ሲጠየቁ ወይዘሮዋ ቅንጣት ሳያፍሩ፣ "የእኛ ውሻ ሻይ ይወድ ነበር" ይላሉ።

ባለፈው ብርድ ተርክል ሳንባው ታሞ ሲጠናበት አስጠራኝ።

"አንድ ነገር ለምንልኝ" አለ። "ስሞት ውሻውን ቀለም በሚያስለቅቀው በተርፔንታይን ያስፍቁት። ከሥሩ እንዳለሁ አለሁ፤ አልተበላሸሁም።"

ከቀብሩ ማግሥት ሄጄ ለመንኩ። ወይዘሮ ሃክስቢ ከልባቸው አለቀሱ።

"ምን ነክቶዎታል?" አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። "ምስኪን ውሻችን ከሞተ ወዲህ ማስታወሻችን ይሄው ሥዕል ብቻ አይደለም እንዴ?"