ማግኔት ያላነቃነቀው ቀለበት

ኤሌክትሮን እንደ ሞገድም ይሆናል እያልኩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር ስድስት ዓመቴ ነው። አይቼው ግን አላውቅም። ያላዩትን አየሁ ማለት ኃጢአት ነው ተብዬ ጎጃም ስላደግሁ፣ "መጽሐፉ እንደሚለው" እያልኩ አልፈዋለሁ።

ዘንድሮ በማስተምርበት በሆሳዕና ከተማ ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ የሞርሲቶ ከተማ ሰው "እስቲ እንሞክረው" አሉኝ። ከሠራነው የመስታወት ቱቦ አየር የሚስብልን የአሮጌ ፍሪጅ ሞተር ነበር። እኔ የእርሳስ ግራፋይት በፕላስተር እየላጥሁ አሳሳሁ። ከጋለ ሽቦ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች በጠባብ ቀዳዳና በስሱ ግራፋይት አልፈው፣ የሚያበራ ዱቄት በቀባነው የቱቦው ጫፍ ላይ ቀለበት ከሠሩ ሞገድነታቸው ታየ ማለት ነው። ቅዳሜ መጋረጃ ዘግተን፣ እኔ አማትቤ፣ እሳቸው ጸልየው አበራነው። አንድ ፈዛዛ ቀለበት ታየ።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ አከራዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከጠጋኙ ጋር አንድ ቸርች ነው የሚሄዱት።

"ቲቸር፣ የእኛ ሰውዬ ዛሬ ቆሞ መሰከረ። ጌታ የማይታየውን አሳየን አለ። ሕዝቡ እልል ነው ያለው። አንቺ ግን ትንፍሽ አላልሽም፤ እናንተ በረከትንም ቆልፋችሁ ነው የምታስቀምጡት?"

ሳቅሁ። እዚያ ቸርች አዳራሽ ግን የተማሪዎቼ ወላጆች አሉ። ቀለበቱን ደግሞ ገና አልፈተንነውም።

ሰኞ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይዤ ሱቃቸው ሄድኩ። ኤሌክትሮን ማግኔት ሲጠጋው ይታጠፋል፤ ተራ ብርሃን አይታጠፍም። አስጠጋሁት። ቀለበቱ ንቅንቅ አላለም።

"ምንድን ነው ታዲያ?" አሉኝ።

"የጋለው ሽቦ ብርሃን በቀዳዳው አልፎ ይሆናል።"

"ይሆናል?"

"ከእሱ ወጣ ብሎ ሌላ፣ በጣም የደበዘዘ ቀለበት የተንቀሳቀሰ መስሎኛል። ግን ጾም ላይ ነኝ ጋሼ፣ እስካሁን እህል አልቀመስኩም። ዓይኔን አላምነውም።"

"እኔ ቂጣ በአይብ በልቼ ነው የመጣሁት" አሉ። "እኔም የሆነ ነገር መስሎኛል።"

ደጋግመን ስናበራው ግራፋይቱ ተቀደደ። ጠጋኙ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። ምስክርነቱን የሻረ ሰው በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም።

"ዝም ብል ዋሽቻለሁ" አሉ። "ውሸት ነበር ብዬ ብቆም ደግሞ፣ የታየሽ ነገር እውነት ከሆነስ? አንቺ ተምረሻል፣ ንገሪኝ እንጂ።"

የንስሐ አባቴን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ስለ ማግኔቱ ከየት ጀምሬ እንደምነግራቸው ጠፍቶኝ ተውኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዬን እንዳደረግሁ አዳራሹ ገባሁና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጠጋኙ ደግመው ከቆሙ ብቻቸውን መተው ነውር መሰለኝ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ተነሡ።

"ያን ጊዜ አየን ብያለሁ። አይተናል። ምን እንዳየን ግን እኔም ቲቸርም አናውቅም። እወቁልኝ።" ተቀመጡ።

እልል ይባል ወይ ይታዘን ሰው ግራ ገባው። አከራዬ ከፊት ወንበር "አሜን" አለች፤ ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ተከተሏት። እኔም አልኩ መሰለኝ።