የኤላዲዮ «የኔ!»

ያን ዕለት ኤላዲዮ ጮኾ ነበር ወይስ አልጮኸም? ታናሽ ወንድሙ ራሚሮ ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሲያወጣ ሲያወርድ ኖሮ መልስ አላገኘለትም። ኤላዲዮ ራሱም አያውቀውም።

ኤላዲዮ የሳን ፔድሮ ከተማ ቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ እንጀራው ከሜዳው ዳርቻ ቆሞ ከሰማይ የሚወርደውን ኳስ መቅለብ። ኳሱ በሁለት ሰው መካከል ሲወርድ ቀድሞ «የኔ!» ብሎ የጮኸው ይይዘዋል፤ ሌላው ይለቅለታል። ያን ምሽት ግን የተመልካቹ ጥሩምባና ከበሮ ጆሮ ያደነቁር ነበር። ኤላዲዮና የቡድን ጓደኛው ኦስቫልዶ ሽቅብ እያዩ ሮጡ፤ ተላተሙ። ኤላዲዮ ተነሣ። ኦስቫልዶ ከአንገቱ በታች ዳግመኛ አልተንቀሳቀሰም።

ኤላዲዮ ጨዋታውን ትቶ የሸንኮራ መኪና ነጂ ሆነ። የኦስቫልዶን ሰፈር ዞሮ ያልፈዋል። ሸለብ ሲያደርገው «የኔ! የኔ!» እያለ ይባንናል። የመንደሩ ልጆች በመጥረጊያ እንጨት የጠርሙስ ክዳን እንደ ኳስ ሲመቱ እንኳ፣ ቀጭ ባለ ቁጥር ጭንቅላቱን በእጁ ይከልላል።

አንድ እሑድ ጠዋት የኦስቫልዶ እናት ዶኛ ፔትሮኒላ ደጁ ላይ ቆሙ።

«ልጄ ይፈልግሃል። ዛሬውኑ።» ይህን ብቻ ብለው ሄዱ።

ኤላዲዮ አመድ መሰለ። «ሊረግመኝ ነው። አልሄድም።»

«ቢረግምህስ? ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?» አለና ራሚሮ ክንዱን ይዞ ወሰደው።

«መጣህ፣ አንተ ሸርጣን! ዛሬም በጎን ነው የምትገባው?» አለ ኦስቫልዶ ከአልጋው። ማንም አልሳቀም።

«ሳንባዬ ደክሟል ብለውኛል። ሳልሄድ ልንገርህ። ጮኸሃል። ሰምቼሃለሁ። የትልልቅ ቡድኖች መልማዮች እያዩን ነበርና ኳሷን ለራሴ ፈለግኋት።»

ኤላዲዮ ፊቱን በቆቡ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ራሚሮ ግን የኦስቫልዶን ዓይን አየ፤ ሲናገር ሁሉ ከጣሪያው አልወረደም ነበር። ወንድሙ ሲወጣ ወደ ኋላ ቀረና አንሾካሾከ።

«በእናትህ፣ እውነት ሰምተኸዋል?»

ኦስቫልዶ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ።

«ስትወጣ በሩን ዝጋው፤ ነፋስ ይገባል።»

ቤት ሲደርሱ ኤላዲዮ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጋደም አለ። ውጭ ልጆቹ ክዳናቸውን ይመታሉ፤ እሱ አልደነገጠም። ራሚሮ ግን ጥርጣሬው ከአፉ እንዳያመልጥ ከንፈሩን ነክሶ፣ ክዳኑ በተመታ ቁጥር እየበረገገ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኤላዲዮን እንቅልፍ ወሰደው።