ኮሳሳ በይልኝ

ጎንደር ከተማ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ሳላስተምረው የማላልፈው አንድ ርዕስ አለኝ፤ ስለ ትንሽነት። ሰሌዳው ላይ ስሞል፣ ሊትል፣ ታይኒ፣ ፒዩኒ እያልኩ እደረድርና ልዩነታቸውን እጠይቃለሁ። ተማሪዎቼ ያዛጋሉ። ከመሀላቸው አንዱ ሁልጊዜ “መምህር፣ ሁሉም ትንሽ ከሆኑ አንዱ አይበቃንም?” ይላል፤ እኔም ሁልጊዜ እናደዳለሁ። አይበቃም! ስሞል መጠን ነው፤ ጫማም ቤትም ስሞል ይሆናል። ሊትል ውስጥ ግን የተናጋሪው አንጀት አለበት፤ ልጅ የሚባበለው በእሱ ነው። ታይኒ ዓይን ያስፈጥጣል። ፒዩኒ ኮሳሳ ማለት ነው፤ ንቀት ስላለበት ሰው ፊት አይባልም። ይህን የመጨረሻውን በቀይ ጠመኔ አሰምርበታለሁ።

ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ ያለ ቀኗ ወለደች። ያገባችው ከደባርቅ ወጣ ብሎ ስለሆነ በአምቡላንስ ወደ ጎንደር አመጧት። ሕፃኗ ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም ነበር። ሙቀት እንድታገኝ ነርሶቹ በእናቷ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አድርገው ያስሯታል። ትንሽ ሥጋ እንደ መርፌ ትወጋ ይባል የለ፤ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር እግሬ በየቀኑ ወደ ሆስፒታሉ መሄድ ለመደ።

ባልየው እርሻውን ትቶ መቀመጥ ስላልቻለ አስታማሚዋ አማቷ ነበሩ፤ እኔ እማማ እላቸዋለሁ። እማማ ከሕፃኗ አጠገብ ንቅንቅ አይሉም። ከዚያ በፊት ሁለት የልጅ ልጆች ቀብረዋልና ነጠላቸውን አጥብቀው እንደያዙ ነው የሚውሉት።

ክፍሉን የምትጎበኘው ለጥቂት ወራት ከውጭ አገር የመጣች ዶክተር ነበረች። ነርሶቹ ያስተረጉሙላታል፤ ሥራ ሲበዛባቸው ደግሞ “መምህር፣ እባክህ” ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። ስንት ዓመት በጠመኔ ብናኝ ስታፈን የኖርኩት እንዲህ ላለው ቀን መስሎኝ ጉሮሮዬን ጠራርጌ እቆማለሁ።

አንድ ቀን ዶክተሯ ሕፃኗን ከሚዛኑ አነሳችና ፊቷ በራ። “ዋት ኤ ቢግ ገርል! ቢዩቲፉል!” አለች። ደስታ አፌን ቀደመኝና ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ፣ “እንዴት ያለች ትልቅ ልጅ ሆናለች! እንዴት ታምራለች! ትላለች” ብዬ ተረጎምኩ።

እማማ “እንትፍ! እንትፍ!” ብለው ነጠላቸውን ሕፃኗ ላይ ጣሉ። “ምነው መምህር? ምነው? ይህ ሁሉ ዓይን ባለበት ልጄን ታስበላታለህ?”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እኔ ራሴ ጠዳ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ይህን እንዴት እረሳለሁ? ዲግሪ የያዝኩ ዕለት ጎረቤት ለእናቴ “ሸጋ ልጅ ወጣልሽ!” ሲላት፣ “ኧረ ምን አለው፣ ያው መናኛ ነው” ብላ ነው የመለሰችው። ያኔ አኩርፌ ምሳ ሳልበላ ቀርቻለሁ። እሷ ደግሞ ማኩረፌን አይታ ምግቡን ሸፍና አቆየችልኝ።

እማማ ጓዛቸውን ይሸክፉ ጀመር። “ዛሬውኑ አገሬ እገባለሁ። እዚያ ማንም አያይብኝም።” የእኅቴ ልጅ አንገቷን ደፋች፤ አማቷ ባሉበት አፍ የላትም። ዶክተሯ ደነገጠች። ሕፃኗ ገና ናት፣ አሁን ከዚህ ሙቀት ወጥታ የደባርቅ ብርድ ቢመታት አትተርፍም አለችኝ። ለእማማ ነገርኳቸው።

“ለብርዱስ ልብስ አለ” አሉ፣ “ለዓይን ምን አለ?”

ሐኪሟን ወደ ኮሪደሩ ጠርቼ ነገሩን አስረዳኋት። ትልቅ ናት ያልሽውን መልሰሽ ትንሽ ናት በይ አልኳት። “ግን እኮ አድጋለች” አለች። “እሱ ነው የማይባለው” አልኳት። ምን ልበል ብላ ጠየቀችኝ። ሰሌዳዬ ዓይኔ ላይ መጣ። ትንሽ የሚዛን ቃል ነው፤ እማማን አያሳምናቸውም። ሚጢጢ ደግሞ ፍቅር ይበዛበታል፤ እሱም ዓይን ይጠራል። የቀረችኝ በቀይ ያሰመርኩባት ብቻ ነበረች።

“ኮሳሳ በያት።”

“ምን ማለት ነው?”

“ፒዩኒ።”

ፊቷ ተለዋወጠ። ሕፃን እንዲህ አይባልም አለችኝ። በእንግሊዝኛ ልክ ነች፤ እኔም ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህንኑ ነው። “እኛ ዘንድ እንዲህ የሚባለው እንዳይወሰድብን የምንሳሳለት ልጅ ነው” አልኳት። እኔም ፈርቼ ነበር።

ተመልሳ ገባች። አልጋው አጠገብ ቆመች፣ ሕፃኗን አየች፣ ከንፈሯን መጠጠችና፣ “ኮ-ሳ-ሳ” አለች።

እማማ ቀና ብለው አዩዋት። “ድገሚው እስቲ።”

“ኮሳሳ!”

“አሜን!” አሉና ጓዛቸውን መልሰው ከአልጋው ሥር ከተቱ። “እንዲህ ነው እንጂ። ሸጋ አማርኛ ታውቂ የለም እንዴ!”

ከማዶ ያለችው እናት “የኔንም በይልኝ” አለች። ቀጥሎ ያለችውም እንደዚያው። ዶክተሯ በየአልጋው እየቆመች “ኮሳሳ፣ ኮሳሳ” ስትል ከየአልጋው “አሜን” ይመለስላታል። እየሳቅሁ ዕንባዬን ጠረግሁ። በመስኮቱ በኩል ያለው ሕፃን ግን ከመጣ ጀምሮ እየከሳ የሄደ ነበር። እሱ ጋ ስትደርስ ቃሏን ዋጠች። ጣቷን በመዳፉ አስያዘችውና ቀስ ብላ “ሊትል ዋን” አለችው። እናቱ ተርጉምልኝ አላለችኝም።

እማማ ከዚያ በኋላ ልሂድ አላሉም። የእኛዋ ሕፃን ክረምቱ አልፎ፣ አደይ አበባ ወጥቶ፣ ሐኪሞቹ ሂዱ እስኪሉ ድረስ እዚያው ቆየች። የወጡ ዕለት እስከ በሩ ሸኘኋቸው። እማማ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ዋጋ ይከራከራሉ። የእኅቴ ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ሕፃኗ ክፉም ደግም ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። ያን ዕለት አማቷን በዓይኗ ጠርዝ አየችና የልጇን ፊት ገለጥ አደረገችልኝ። ጉንጮቿ ሞልተዋል፤ እያዛጋች ነበር።

“አጎቴ” አለችኝ በሹክሹክታ፣ “እውነቱን በእንግሊዝኛ ንገረኝ።”

ትምህርቷን ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት፤ እንግሊዝኛ አትሰማም። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ የማውቀውን የውበትና የትልቅነት ቃል ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። አንዱንም ሳትሰማ ፊቷ እንደ ንጋት በራ፤ ዕንባዋም በሕፃኗ ግንባር ላይ ወረደ።

እማማ ዘወር አሉ። “ምን አላት?”

“ኮሳሳ ናት አልኳት።”

“አሜን” አሉ እማማ፣ ነጠላውን እየመለሱላት።