ከቆርቆሮው ላይ የቀረው መስመር

ፊደል ለቃሚዋ በዚያ ማተሚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ስትቀጠር ፊደል እውነትም ከሳጥን እየተለቀመ ነበር የሚደረደረው፤ ኮምፒውተር ከገባ በኋላም ስሙ አልለቀቃትም። የሠርግ ጥሪው፣ የሐዘን ምስጋናው፣ ደረሰኙ፣ በየብልቃጡ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። ስሕተት አያመልጣትም። ደንበኛ የገደፈውን ፊደል ሳይጠይቃት አርማ ትመልስለታለች። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሥራ ሲቀበል «እሷ ካየችው አለቀ» ይላል፤ እሷም ይህን ስትሰማ ያልሰማች ትመስላለች እንጂ ደስ ይላታል።

አንድ ዓርብ፣ ለስፖርተኞች የሚሆን ዱቄት ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ መጣ። ዱቄቱ ከልምምድ በፊት በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ማነቃቂያ ነው። የተተረጎመውን ጽሑፍ አምጥቶ በቆርቆሮው ዙሪያ የሚለጠፍ ወረቀት እንድትሠራለት አዘዘ። ደረደረችው፤ ቦታው አልበቃ አላት። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ተረፈ፤ «የደም ግፊት ያለበት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጠጣ» ይላል።

«ይህ አይገባም» አለችው።

«አሳጥሪዋ» አለ ነጋዴው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ።

«የቱን ላውጣ?»

«አንቺ ታውቂያለሽ። ደግሞ ከታች ያለውን ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?»

ፊደሉን አሳንሳ ሞከረች፤ በዚያ መጠን ሲታተም ቀለም ይውጠዋል። ከላይ ያለውን የተወጠረ ክንድ ሥዕል ትንሽ ብትቀንሰው ቦታ ይገኝ ነበር። ይህን ታውቃለች። ግን ሥዕሉን መንካት ማለት ሁሉንም እንደገና መደርደር ማለት ነው፤ የምሳ ሰዓት ደግሞ አልፎ አንጀቷ ይጮህ ነበር። መስመሩን አጠፋችው። «ድካምን ያባርራል፣ ጉልበት ያድሳል» የሚለው ሳይነካ ቀረ።

ታላቅ ወንድሟ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። ወላጆቻቸው በልጅነቷ ስላረፉ ያሳደጋት እሱ ነው። ማንበብ ያስተማራትም እሱ ነው፤ በየፖስታው አድራሻ ላይ ጣቷን ይዞ እያስኬደ። አርባ አምስት ዓመት ሞልቷት እንኳ ዛሬም «ሚጡ» ነው የሚላት፤ እሷም «ጋሼ» ትለዋለች።

ዕድሜ ልኩን በእግሩ የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ መቀመጥ አቃተው። ማለዳ ማለዳ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ከሚሮጡ እኩዮቹ ጋር ገጠመ። ከስድሳ በላይ ለሆኑ ሰዎች የአሥር ኪሎ ሜትር ውድድር ሊደረግ ነው ሲባል ተመዘገበ። ጉልበቱ ግን እንደ ልቡ አልሆነለትም፤ ሮጦ በነጋታው ደረጃ ለመውጣት ግድግዳ ይደግፋል። ከሯጮቹ አንዱ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ስለ ዱቄቱ ነገረው።

ለእህቱ ደወለላት። «ሚጡ፣ የጉልበት ዱቄት ገዝቻለሁ። ተመልሼ ጎረምሳ ልሆን ነው።»

«እንግዲህ እትዬን እግዜር ይርዳት» ብላ ስለ ሚስቱ ቀልዳ ሳቀች። የምን ዱቄት እንደሆነ አልጠየቀችውም።

መጠጣት በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሦስተኛውን ዙር ሲጨርስ፣ ደረቱን ይዞ ሜዳው ላይ ቁጭ አለ። ተጫዋች ሰው ስለሆነ ጓደኞቹ ቀልዱን መሰላቸው። «ምነው፣ ደብዳቤ ጣልክ እንዴ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። ቀና ሲል ግን ከንፈሩ ዐመድ መስሏል። ተሸክመው ታክሲ ውስጥ አስገቡት።

ለቃሚዋ ሆስፒታል ስትደርስ ልቡ ምቱን ስቶ እንደነበር፣ አሁን ግን እንደረጋ ነገሯት። የወንድሟ ሚስት፣ ሐኪሙ «የሚወስደውን ሁሉ አምጪ» ስላላት፣ የግፊት ክኒኑንና ቆርቆሮውን በፌስታል ይዛ አልጋው አጠገብ ቆማለች። ሐኪሙ ቆርቆሮውን አወጣው። ለቃሚዋ ከበሩ ሆና ወረቀቱን ዐወቀችው፤ ሰው የገዛ ልጁን ልብስ በሩቁ እንደሚያውቅ።

«የደም ግፊት እያለብዎ ይህን እንዲጠጡ ማን ፈቀደልዎ?» አለ ሐኪሙ።

«ዶክተር፣ እኔ ሳላነብ ምንም አልውጥም» አለ ፖስተኛው። «የተጻፈውን በሙሉ አንብቤዋለሁ። ግፊት የሚል አላየሁም።» ቆርቆሮውን ተቀብሎ ከዓይኑ አስጠግቶ አዞረው፤ ደግሞ አዞረው። «ዘልዬው ይሆናል። ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ።»

እህቱ እዚያው ቆማ ነበር። ቆርቆሮውን ከእጁ ተቀብላ ፌስታሉ ውስጥ መለሰችው።

ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላም ቀን በቀን ሄደች። ሾርባ ወሰደች፣ ልብስ አጠበች፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ አስዋጠችው። ሚስቲቱ ለጎረቤት «እህት ማለት እንዲህ ናት» ስትል እየሰማች አንገቷን ደፋ አደረገች። ሥራ ቦታም አንድ የተጣራ ጽሑፍ አምስት ጊዜ አንብባ ለማሳተም ትፈራለች፤ ባለቤቱ «ምን ሆነሻል?» ሲላት «ራሴን አሞኝ ነው» ትላለች።

በሦስተኛው ሳምንት ስትሄድ ወንድሟ አዲስ መነጽር አድርጎ አገኘችው።

«ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኩት» አለች ሚስቱ ሻይ እያቀረበች። «ያንን ጽሑፍ ማለፉ እንቅልፍ ነሥቶት ነበር።»

ፖስተኛው ቆርቆሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ በአዲሱ መነጽር ከላይ እስከ ታች ያነብ ነበር። «ይገርምሻል ሚጡ፣ አሁንም አላገኘሁትም» አላት።

ከዚህ በላይ አልቻለችም። «ጋሼ፣ ዓይንህ ምንም አልሆነም። እዚያ ላይ የለም። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

መነጽሩን አወለቀ። «እንዴት ነው አንቺ ያወጣሽው?»

ነገረችው። ስለ ነጋዴው ነገረችው፣ ስለ ቦታ ማነሱ ነገረችው፤ ስለ ምሳዋም ሳትደብቅ ነገረችው።

«አንብበሽው ነበር?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ምን ይላል?»

በቃሏ አለችለት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። «ግልጽ ነው» አለ። «ቢኖር ኖሮ አልጠጣውም ነበር።» ሊጎዳት ብሎ አልነበረም፤ እንዲያው እውነቱን ነው የተናገረው። ተቆጥቷት ቢሆን ይሻላት ነበር።

ሚስቱ ለቃሚዋ ፊት ያስቀመጠችውን ሻይ፣ ገና ሳይነካ፣ አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

«ሌሎቹስ?» አለ ፖስተኛው ድንገት።

«የትኞቹ?»

«ሌሎቹ ቆርቆሮዎች።»

እነዚያን ሁሉ ቀናት ስትቃጠል የከረመችው በወንድሟና በራሷ ነገር ብቻ ነበር። ስለ ሌሎቹ አንዴም አላሰበችም።

በማግሥቱ ለባለቤቱ ተናገረች። ባለቤቱ ለነጋዴው ደወለ፤ ነጋዴው «እኔ ዘንድ የመጣ ቅሬታ የለም» ብሎ ዘጋ። ባለቤቱ ደንበኛ ማጣት ቢያሳስበውም ማሽኑን አልከለከላትም። ያቺን መስመር ብቻ በደማቅ ፊደል በትናንሽ ተለጣፊ ወረቀት አተመችና ከሥራ ስትወጣ በየሱቁ፣ በየመድኃኒት ቤቱ፣ በየጂሙ መዞር ጀመረች።

አንዳንዱ ሰምቶ ራሱ ይለጥፋል። አንዱ ባለሱቅ «ደንበኞቼን ልታስፈሪብኝ ነው እንዴ?» ብሎ ከደጅ መለሳት። አንዲት የጂም አሠልጣኝ ግን በትዕግሥት አዳመጠቻትና ወረቀቱን ትልቁ መስታወት ላይ ለጠፈችው። «የቀረኝ ሁለት ነው፤ ሌላው ተሽጧል» አለቻት።

«ለማን?»

«ምኑን አውቄ እህቴ፤ መጥተው ይገዛሉ፣ ይሄዳሉ።»

ነጋዴው ወሬው ሲደርሰው ሥራውን ወደ ሌላ ማተሚያ ቤት ወሰደ። ባለቤቱ ለጥቂት ሳምንት ፊቱን አከበደባት እንጂ አላባረራትም። እሷ ግን እስከ ዛሬ፣ መንገድ ላይ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሲሮጥ ካየች፣ ከዓይኗ እስኪሰወር ቆማ ትመለከተዋለች።

ፖስተኛው ዳነ። ውድድሩ ቀረበት፤ ሐኪሙ የፈቀደለት የእግር ጉዞ ብቻ ነው። እሑድ እሑድ እህቱ አብራው ትሄዳለች። ስለ ሌላ ስለ ሌላው ያወራሉ፤ ያንን ነገር እሱም እሷም አያነሡትም።

ሚስቱ ግን ሦስት ወር ሙሉ አላናገረቻትም። እዚያው ፊቷ ተቀምጣ «እህትህ ሻይ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቃት» ትለዋለች ባሏን። አንድ እሑድ ከእግር ጉዞ ሲመለሱ ሚስቲቱ ግቢ ውስጥ ከገመድ ላይ አንሶላ ታወርድ ነበር። ፖስተኛው ወደ ቤት ገባ፤ ለቃሚዋ ትግባ ትቁም ግራ ገብቷት ቀረች።

«ያዢልኝ እስቲ» አለቻት ሚስቲቱ።

የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ያዘችላት።

«አልረሳሁትም» አለች ሚስቲቱ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ጠበቅ አድርገሽ ሳቢው» አለቻት፤ አጣጥፈው ሲጨርሱ ሌላ አንሶላ ከገመዱ አወረደች።